አመክሮ ምጽዋት አይደለም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቃሉ እንጀምር። አመክሮ የገዳም ቃል ነው። ዓለምን ንቆ ገዳም የገባ ሰው በገባ ማግሥት ቆብ አይደፋም። ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ እህል እየፈጨ፣ አባቶች ጠባዩንና ትዕግሥቱን የሚመዝኑበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ አመክሮ ይባላል፤ ፈተና ማለት ነው። ፈተናውን ላለፈው ቆቡ የሚሰጠው አበምኔቱ ስላዘኑለት አይደለም። ሠርቶ ስላገኘው ነው።

ሕጋችን ይህንኑ ቃል ለእስረኛ አውሎታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ ከተፈረደበት እስራት ከሦስት እጅ ሁለቱን የፈጸመ፣ ፍርዱ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የታሰረ ሰው፣ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ካሳየ፣ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን ከካሰ፣ ቢፈታ በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ ከታመነ፣ በማረሚያ ቤቱ አሳሳቢነት ወይም በራሱ አመልካችነት ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። ሐሳቡም ትናንት የበቀለ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ካረቀቀው ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወረስነው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ የሚመዘነውም ሥራና ጠባይ ነው። በሕዝቡ አእምሮ ግን አመክሮ ሁለት ትርጉም ብቻ ቀርቶታል፤ ወይ የሂሳብ ስሌት፣ ወይ ችሮታ።

ስሌቱን ለማየት ልደታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግቢ ጎራ ማለት ይበቃል። ቅጣት ተነቦ ከችሎት የወጣ ቤተዘመድ ገና እንባውን ሳይጠርግ ማካፈል ይጀምራል። «ዘጠኝ ነው ያሉት? ሲሶው ሲነሳ ስድስት ነው፤ አይዞሽ!» በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ቃሊቲ ወይም ዝዋይ ስንቅ ማመላለስ የሚጠብቃት እናት ተስፋዋን ከየት ታምጣ? ነገር ግን ከስሌቱ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ልጇ በስድስቱ ዓመት ውስጥ የሚሠራው ሥራ። ሲሶው እንዲሁ በልማድ የሚነሳ ከሆነ፣ እስር ቤት ገብቶ ፊደል የቆጠረውና ካርታ ሲጫወት የኖረው፣ ሙያ የተማረውና የደካማ እስረኛ ስንቅ ሲነጥቅ የከረመው ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ችሮታው ደግሞ ከስሌቱ የከፋ ነው። መፈታቱ በአንድ ኃላፊ ብዕር ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው እስረኛ መታረሙን ትቶ መለማመጥን ይማራል። ለካቦው ያሸረግዳል፤ የጓደኛውን ወሬ ያቀብላል፤ የተበደለውን በደል ውጦ ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ሲወጣ ይዞ የሚወጣው መልካም ጠባይ ሳይሆን አድርባይነት ነው። የአድርባይ እጥረት ደግሞ በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም።

በስም የሚታወቁ ሁለት ሰዎችን እናንሳ። ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ የታሰረችው በሰኔ 2003 ዓ.ም. ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 2004 ዓ.ም. የወሰነባትን 14 ዓመት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ 5 አወረደው። የ5 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 3 ዓመት ከ4 ወር ነው፤ ይህም በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ሞላ። የተፈታችው ግን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ነው፤ ከስምንት ወር በላይ አልፎ ማለት ነው። ጋዜጠኛ ተመስገን ደሳለኝ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. 3 ዓመት ተፈረደበት። ሁለቱ ዓመት በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሞላ፤ እርሱ ግን ሦስቱን ሙሉ ጨርሶ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወጣ።

ፍርዱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ራሱን የቻለ ሙግት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሌላ ነው። በእነዚያ ተጨማሪ ወራት የተያዙት በየትኛው የጠባይ መዝገብ፣ በየትኛው የሥራ ሚዛን ነው? ማንም ዜጋ ገልጦ ሊያነበው የሚችል ሚዛን ቢኖር ጥያቄው ባልተነሣ ነበር። ስማቸው በአገር የታወቀው እንዲህ ከሆኑ፣ ከእናቱ በቀር ስሙን የሚያነሣለት የሌለው ፍርደኛስ እንዴት ይሆን?

«መንግሥት በየአዲስ ዓመቱ ይቅርታ ያደርግ የለምን? ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። ይቅርታና አመክሮ ግን ለየቅል ናቸው። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በቀናት ውስጥ በይቅርታ ከተፈቱት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ስለ ይቅርታው በተናገሩት ሰበብ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተሰርዞ ወደ ቃሊቲ ተመለሱ፤ ዳግም የወጡት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። የሰጠ እጅ እንዲህ መልሶ ይነሣል። አመክሮም ይሻራል፤ የሚሻረው ግን ተፈቺው የተጣለበትን ግዴታ ሲጥስ ነው እንጂ ምስጋናው ሲያንስ አይደለም።

ሥራን ቆጥሮ የእስራት ቀን መቀነስ በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። አሌክሳንደር ማኮኖቺ የተባለው የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1840 የኖርፎክ ደሴትን እስር ቤት ሲረከብ፣ እስረኛው በሥራና በጠባይ ነጥብ እያጠራቀመ ነፃነቱን እንዲያገኝ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1844 ከቦታው ቢያነሡትም ሐሳቡ አልሞተም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2012 በፌዴራል እስር ቤቶቿ ባስጀመረችው ደንብ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ስለ መጽሐፉ ለጻፈ እስረኛ 4 ቀን ይቀነስለታል፤ በዓመት እስከ 12 መጽሐፍ፣ እስከ 48 ቀን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ፣ መስፈርቱን ያሟላ የፌዴራል እስረኛ በትምህርትና በሥልጠና ለተሳተፈበት ለየ30 ቀኑ 10 ቀን፣ አንዳንዱም 15 ቀን ያስቆጥራል። እዚያ እስረኛው ዛሬ ማታ ሲተኛ ዛሬ ያገኘውን ያውቃል። የእኛው አመክሮ ግን በመጨረሻ አንዴ የሚከፈት በር ነው፤ በሩ እስኪደርስ ያለው ረጅም መንገድ አይቆጠርም።

መጽሐፍ ካልን ዘንድ፣ የደርግ እስረኛ የነበረው ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚሼልን ረጅም ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነበር። ለዚያ ሁሉ ድካም አንዲት ቀን የቀነሰለት አልነበረም። ዛሬም በየማረሚያ ቤቱ እንዲህ የሚለፋ ሰው እንደሚኖር ማን ይጠራጠራል? እርግጥ ቆጠራው ፍትሐዊ እንዲሆን መጀመሪያ የሚቆጠረው ነገር መኖር አለበት። ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ወርክሾፕ በሌለበት እስር ቤት የተጣለን ሰው «አልሠራህም» ብሎ ማስቀረት ሁለተኛ ቅጣት ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብሎ የሚቆጣ ተበዳይም አለ፤ ቁጣውም እውነት አለው። ልጁን የቀበረ አባት ስለ ገዳይ የምስክር ወረቀት መስማት አይፈልግም። ለእርሱ መልሱ ሕጉ ራሱ ነው። አመክሮ ካሳን ይጠይቃል፤ ቅጣቱን ሙሉ ጨርሶ ለሚወጣ ግን በሩ ካሰም አልካሰም ይከፈታል። በአመክሮ የወጣ ሰው ግዴታ ተጥሎበት ይወጣል፤ ቢያጠፋ ይመለሳል። ጨርሶ የወጣው ጠባዩ ምንም ይሁን ምን የሚከታተለው የለም። ተበዳይን የሚያሳስበው ሁለተኛ ተበዳይ እንዳይኖር ከሆነ፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻለዋል?

ከልደታ እምብዛም ሳይርቅ፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቆመበት ሥፍራ፣ ዓለም በቃኝ የሚባል ወህኒ ነበር። ያ ወህኒ ፈርሷል። ወህኒ ቤት የሚለውም ስም ማረሚያ ቤት በሚል ተተክቷል። ስም መቀየር ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ስሙ እውነት እንዲሆን ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፍርደኛ የሥራውና የጠባዩ መዝገብ ይኑረው፤ በየወሩ ይሞላ፣ ራሱም አይቶ ይፈርምበት፣ ቅር ካለው ይሟገትበት። ሁለተኛ፣ አመክሮ ሲፈቀድም ሲከለከልም ዳኛ በግልጽ ችሎት ምክንያቱን ያንብብ፤ ምክንያት ያልተሰጠው ክልከላ ያለ ፍርድ የተጨመረ እስራት ነው። ሦስተኛ፣ የእስረኛው አመለካከት ከሚዛኑ ይውጣ፤ የሚመዘነው እጁ የሠራው እንጂ ልቡ ያመነው አይደለም።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ደብተር፣ እስክሪብቶና መዝገቡን ሳያይ የማይፈርም ዳኛ ይበቃል። በደብተሩ ላይ የሠራው ሥራ ተጽፎለት የሚወጣ ሰው ማንንም ደጅ መጥናት የለበትም።