ስለ አሮጌ ቤት ማን ይከሳል?

እኔ የምኖረው ላፍቶ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው፤ ግራሩን ግን ዛሬ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ክፍለ ከተማችን ሌላውን ስሙን፣ ንፋስ ስልክን፣ ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ የሬዲዮ ጣቢያ እንደሆነ ይነገራል። ዛፉም ጣቢያውም በስም ብቻ ቀርተዋል። እዚህ ሰፈር “ቅርስ” ብሎ የሚሟገትለት ቤት ያለው ሰው አላውቅም። ስለ ፒያሳ ግን የሚሟገት ሞልቷል፤ ምክንያቱም ከመሃል ከተማ በልማት የተነሣ ሰው በየጊዜው ወደ እንደኛ ዓይነቱ ዳር ሰፈር ይመጣል።

አንዲት ጎረቤቴ እንዲሁ ከፒያሳ አካባቢ የመጡ እናት ናቸው። ስለ አዲሱ ቤታቸው ስጠይቃቸው “ልጄ፣ ቤቱስ ቤት ነው፤ ውኃውም መጸዳጃውም ውስጥ ነው። ሰው የለውም እንጂ” አሉኝ። እንጀራ እየጋገሩ በእግር ለሚደርሱባቸው ምግብ ቤቶች ያቀርቡ ነበር። አሁን ያንኑ እንጀራ ይዘው ሁለት ታክሲ ከተሳፈሩ ትርፉ በትራንስፖርት ያልቃል። ስለ ከተማ ልማት የተጻፉ ብዙ ሪፖርቶችን አንብቤአለሁ፤ የእኚህን እናት ያህል ነገሩን አሳጥሮ ያስረዳኝ ግን አላገኘሁም። ቤቱ ተሻሽሏል፤ ኑሮው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንመልከተው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ወር እንኳ በወጉ ሳይሞላ በኮሪደር ልማት ስም የአካባቢው ቤቶች መፍረስ ጀመሩ፤ ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ሰው በመጋቢት መጨረሻ ቢመለስ መንገድ ይጠፋው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ሥራው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞችም ተሻግሯል። ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ የብስክሌት መስመሮች፣ መብራቶችና አረንጓዴ ቦታዎች ተሠርተዋል። ይህን አለማየት አይቻልም፤ እኔም ማታ ማታ በእነዚያ መንገዶች ላይ ከሚንሸራሸሩት አንዱ ነኝ።

ስለ ፈረሱት ሰፈሮች የሚጻፈው ብዙው ነገር ትዝታ ነው። ትዝታ አልጠላም፤ ነገር ግን ዶሮ ማነቂያ ገነት አልነበረም። ጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ፣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መተላለፊያ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የጠባብ መንገድን ዋጋ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ “ምንም አይነካ” የሚለው ወገን ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ፒያሳ ራሱም የተወለደው በመነሣት ነው። በ1878 እና 1879 ዓ.ም. አካባቢ ከተማዋ ስትቆረቆር ያደገው የአራዳ ገበያ ጊዮርጊስን ተጠግቶ ነበር፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ የምንለውን አቋቋሙ፤ አራዳን ደግሞ “ፒያሳ” አሉት። ካዛንቺስም ቢሆን ስሙን የወሰደው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ተቋም ነው። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለአዲስ አበባ ንድፍ ሲነድፍ እንደ ባዶ ሜዳ ቆጥሯት ነበር። ከተማዋን ባዶ አድርጎ ማየት እንግዲህ የቆየ ልማድ ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከጭቃ ቤቶቹ መካከል ሰገነት ያላቸው፣ የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው፣ መቶ ዓመት የተጠጉ ቤቶች ነበሩ። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይፍረስ የሚለውን ማን ወሰነ? ውሳኔው ስህተት ነው ብሎ የሚያምን ሰውስ ወዴት ይሂድ?

እዚህ ላይ የሕግ ተማሪነቴን ፈቅዳችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከፍትሕ አንጻር ነው፤ ለተከራይ ኪራይ ቀነሰ፣ ለባለቤት ሀብቱን ወሰደ ይባላል። በሕንጻዎቹ ላይ ያደረገው ግን ብዙም አይነገርም። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የአንድ መኳንንት ወይም የአንድ ነጋዴ መኖሪያ የነበረው ባለ ሰገነት ቤት በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ለአምስት ለስድስት ቤተሰብ ታደለ። ቀበሌው ከእነዚህ ሰዎች የሚሰበስበው ኪራይ ቆርቆሮ መቀየሪያ ቀርቶ ሚስማር መግዣ አይሆንም ነበር። ተከራዩ ደግሞ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ቢነካ ሕገወጥ ግንባታ ነው። ፈቃድ ቢያገኝስ? ነገ የእኔ ይሆናል ብሎ በማያምነው ቤት ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ማን ነው? እንዲህ እያለ ሃምሳ ዓመት ገደማ አለፈ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ወለሉ በሰበሰ። ዶዘሩ ሲመጣ ያገኘው ሕንጻ በአብዛኛው ቀድሞ የሞተ ነበር። “እነዚህ ፍርስራሾች ናቸው እንጂ ቅርስ አይደሉም” የሚል ባለሥልጣን ቢኖር ፊት ለፊት ለመመልከት ያህል አልተሳሳተም። ፍርስራሽ ያደረጋቸው ግን ባለቤታቸው የሆነው መንግሥት ነው፤ የራስን ቸልተኝነት የማፍረሻ ምክንያት ማድረግ በየትኛውም የሕግ ሚዛን ደስ አይልም።

ሕጉ በወረቀት ላይ ደካማ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(9) መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት አለበት ይላል፤ በአንቀጽ 43(2) ደግሞ ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት አላቸው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመጠገን እንኳ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቅርስ ያጠፋን በጽኑ እስራት ይቀጣል። ከሁሉም የምወደው ግን የተከለለ ቦታን የሚመለከተው ድንጋጌ ነው፦ የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበት አካባቢ ካለ የሚኒስትሮች ምክር ቤት “ይህ ክልል የተጠበቀ ነው” ብሎ በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ ይችላል። ፒያሳ የተሰባሰቡ ቅርሶች አካባቢ ካልሆነ በአዲስ አበባ ሌላ ማን ይሆናል? ይህ ድንጋጌ ግን ለፒያሳ ሲጠራ አልሰማሁም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ መደበ፤ አንዳንድ ጊዜ የምደባ ትርፉ “የእኔ አይደለም፣ የእነሱ ነው” ለመባባል መመቸቱ ይመስለኛል።

የመሬት አወሳሰድ ሕጉስ? ፒያሳ ሲፈርስ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሒደት ማወያየት ግዴታ ነው ይል ነበር። የማነጋግራቸው ተነሺዎች የሚቆጥሩት በቀናትና በሳምንታት ነው። ደግሞም ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚናገረው ስለ “ባለይዞታ” ነው። በቀበሌ ቤት ሃምሳ ዓመት የኖረ ተከራይ ባለይዞታ አይደለም፤ የሚሰጠው ምትክ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ነው። ጎረቤቴ ላጡት ደንበኛ ካሳ የሚከፍል አንቀጽ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የሕጉ ዋናው ቀዳዳ ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያየው እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። አንድ ፋብሪካ የላፍቶን ወንዝ ቢበክል እኔ ምንም ጉዳት ባይደርስብኝ እንኳ መክሰስ እችላለሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 “ማንኛውም ሰው” ጥቅም እንዳለው ማስረዳት ሳያስፈልገው ለሚመለከተው ባለሥልጣን አቤት እንዲል፣ መልስ ካጣም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅድለታል። በዚያው ወንዝ ዳር መቶ ዓመት የቆየ ቤት ሲፈርስ ግን ዝም ብዬ ከማየት ሌላ መንገድ የለኝም። የቅርስ አዋጁ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 33(2) ደግሞ በክርክሩ ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም ይላል። በቤቱ ጥቅም ያለው ማን ነው? የቀድሞው ባለቤት በ1967 ተወርሷል። ተከራዩ ምትክ ቤት ተሰጥቶት ሄዷል። ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ አፍራሹም መንግሥት ነው። የቅርስ ባለሥልጣኑ መንግሥትን ይክሰስ? ሲከስስ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ፒያሳ ላይ ማን ትክክል እንደነበረ በፍርድ ቤት የተመረመረ መዝገብ የለንም፤ ያለን የቴሌቪዥን መግለጫና የፌስቡክ ለቅሶ ነው።

“ለመጠገን ገንዘብ የለም” የሚለው መልስ በከፊል እውነት ነው። የአፍሪካ አዳራሽን አይተናል፤ በአርቱሮ መዘዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥራ ያለበት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲከፈት የተባበሩት መንግሥታት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶበታል። ይህን ለሁሉም ቤት ማድረግ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አብዛኛው የፒያሳ ቤት የሚፈልገው ጣሪያ፣ ቧንቧና በውስጡ የሚነግድ ሰው ነበር። ጣይቱ ሆቴልን ተመልከቱ፦ በጥር 2007 ዓ.ም. ክፉኛ ተቃጠለ፤ ግን እንግዳ የሚቀበል፣ ገቢ ያለው፣ “የእኔ ነው” የሚል ያለው ቤት ስለነበረ ተነሥቶ ሥራውን ቀጠለ። አሮጌ ሕንጻን የሚያቆመው ኪራይ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የገንዘቡን ጥያቄ ሌሎች አገሮች ሳይከፍሉ የፈቱበት ዘዴ አለ። ኒውዮርክ በ1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዝነኛውን ፔንሲልቫንያ የባቡር ጣቢያ ማፍረስ ስትጀምር ሕዝቡ አዘነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የታሪካዊ ሕንጻዎች ሕግ ወጣ። የግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባለቤቶች “በአናቱ ላይ ፎቅ እንዳንሠራ መከልከላችሁ ንብረት መውረስ ነው” ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1978 ተረቱ። ፍርድ ቤቱን ካሳመኑት ነገሮች አንዱ ከተማዋ ለባለቤቶቹ ያልተጠቀሙበትን ከፍታ ለጎረቤት ቦታ የማስተላለፍ መብት መስጠቷ ነው። በእኛ አገር መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ይህ ይበልጥ ይቀላል። ከተማ አስተዳደሩ ለአንድ አልሚ “ይህን ባለ ሰገነት ቤት በተፈቀደው ንድፍ አድሰህ ለንግድ አውለው፤ ከጎኑ ባለው ቦታ ላይ ተጨማሪ አራት ፎቅ ትሠራለህ” ቢለው ከካዝናው አምስት ሳንቲም አያወጣም። አስመራን የሚጠቅሱ ወዳጆች አሉኝ፤ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ የገባችው አስመራ የተረፈችው በከፊል ግንባታ ስላልገፋት ነው። እኛ ያ ዕድልም ያ መከራም የለንም፤ እየተገነባ ነው የምንጠብቀው።

የኮሪደር ሥራው ወደ ጎንደር፣ ወደ ሐረርና ወደ ሌሎቹም ከተሞች ገብቷል፤ ጎንደርም የራሷ ፒያሳ፣ የራሷ የጣሊያን ዘመን ሕንጻዎች አሏት። ስለዚህ ጉዳዩ ያለፈ አይደለም። ለሚመለከታቸው ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚቆዩትና የሚፈርሱት ቤቶች ዝርዝር ከነምክንያቱ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ፤ ተቃውሞ ያለው ሰው የሚያቀርብበት ጊዜ ይሰጠው፤ ተቃውሞውን የሚያየው ደግሞ አፍራሹ መሥሪያ ቤት አይሁን። ሁለተኛው የምክር ቤቱ ሥራ ነው። የብክለት አዋጁ አንቀጽ 11 እንዳለ ተገልብጦ “ብክለት” የሚለው ቃል “በቅርስ ላይ የሚደርስ ጉዳት” በሚል ይተካና በቅርስ አዋጁ ውስጥ ይግባ። አዋጅ 209 ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ለማሻሻያ ምክር ቤት መቅረቡ አይቀርም፤ በቀረበ ዕለት ይህችን አንቀጽ የሚያስታውስ አንድ የምክር ቤት አባል ይበቃናል።