«ስሙት» ከማለታችን በፊት

 

በካሴት ዘመን አንድ ጥሩ ሙሐደራ ሲገኝ ከወዳጅ ተውሰን፣ ባዶ ካሴት ገዝተን፣ ሁለት ካሴት የሚይዝ ቴፕ ካለው ጎረቤት ዘንድ ሄደን እንቀዳ ነበር። ባለ 60 ደቂቃውን ለመቅዳት ብዙውን ጊዜ 60 ደቂቃ ቁጭ ማለት ግድ ነበር። ስለዚህ ካሴቱን ለሌላ የሚያሳልፍ ሰው ባያስብበት እንኳ መጀመሪያ ራሱ ይሰማው ነበር። ዛሬ ግን የሁለት ሰዓት ትምህርት በአንድ ጣት ንክኪ ለመቶ ሰው ይደርሳል። ላኪው ራሱ ያልሰማው ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ሶብር የሚያወሳ የድምፅ ትምህርት በስልኬ ደረሰኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ሰምቼ ልቤን ስለነካኝ፣ «ማሻአላህ፣ እንዳያመልጣችሁ!» ብዬ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ላክሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። እናቷ የስኳር ሕመም አለባቸው። ኪኒናቸውን ትተው ኖሮ ተዝለፍልፈው ሆስፒታል ገብተዋል። ምክንያቱን ብትጠይቃቸው፣ «የወንድሜ ልጅ በላከልኝ ትምህርት ላይ ሰምቼ ነው» አሏት።

ደንግጬ እስከ መጨረሻው አዳመጥሁት። ተናጋሪው ወደ ማብቂያው ላይ ጥቁር አዝሙድና ማር ያለው ሰው የሐኪም መድኃኒት አያሻውም ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን መታከምን አዘዋል። አክስቴ ተናጋሪውን አያውቁትም፤ ያመኑት እኔን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደኅና ናቸው።

ወደ መልካም ነገር ያመላከተ ሰው የሠሪውን ያህል ምንዳ እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ይህን ምንዳ የምንመኝ ሁሉ አደራውንም ልናስብ ይገባል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን ባለማወቅ ሰዎችን እንዳንጎዳ እንድናጣራ ታዘናል።

ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው ያልሰማሁትን ለማንም አልጠቁምም። ሰምቼ የወደድኋቸውንና በነፃ የሚገኙትን ጥቂቶች ግን እነሆ።

ቁርኣን ለሚሐፍዙ ልጆች የግብፃዊው ሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ቂርኣት እጅግ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሙሉውን ቁርኣን በሙረተል ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀረጹት እርሳቸው ናቸው። እርጋታቸውና የፊደላቱ ጥራት ለጀማሪ ይመቻል። ሸይኽ ሙሐመድ ሲዲቅ አል-ሚንሻዊ ሲቀሩ ሕፃናት እየተከተሉ የሚደግሙበት ቀረጻም አለ፤ ልጅዎ ከሕፃናቱ ጋር አብሮ ይደግማል። ሆኖም ቀረጻ ኡስታዝን አይተካም። ስልክ የተሳሳተን ልጅ አያርምምና።

እንግሊዝኛ የሚሰሙ ወጣቶች ዶክተር ያሲር ቃዲ በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ የሰጡትን የሲራ ትምህርት ቢከታተሉ መልካም ነው። ከ100 በላይ ክፍሎች ስላሉት በሳምንት ሁለት ሁለቱን ለሚሰማ አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል። የሶሐቦችን ወደ ሐበሻ መሰደድ የሚተርኩትን ክፍሎች ግን ቀድማችሁ ብትሰሙ አይቆጫችሁም። ስለ አገራችን ነውና።

ታሪክ ለሚወዱ ደግሞ ፕሮፌሰር ፒተር አዳምሰን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚያቀርቡት የፍልስፍና ታሪክ ፖድካስት አለ። ፖድካስት ማለት በተከታታይ እየወጣ በስልክ አውርደን በተመቸን ሰዓት የምንሰማው የድምፅ ዝግጅት ነው። ስለ አል-ኪንዲ፣ ስለ ኢብን ሲና፣ ስለ አል-ገዛሊና ስለ ኢብን ሩሽድ ብዙ ክፍሎች አሉት፤ አብዛኞቹ ሃያ ደቂቃ ገደማ ናቸው። ይህ የታሪክ እውቀት እንጂ የዲን ትምህርት አለመሆኑን ልብ በሉ። ዐቂዳና ፊቅህ ከዑለሞች ይጠየቃል።

ለሰው ስትጠቁሙ ሦስት ነገር ጨምሩ። ተናጋሪው ማን ነው? ከየት ተምሯል? ለማንስ ይሆናል? ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚጠቅም ክርክር ለአሥር ዓመት ልጅ ግራ መጋባት ሊሆን ይችላል። ስለ ጤና፣ ስለ ፍቺና ስለ ውርስ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ባለሙያ ሳትጠይቁ አትላኩት።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ለየብቻ ከሚሰሙ፣ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ሃያ ደቂቃ አብራችሁ አዳምጡ። ሲያልቅም «ምን ገባህ? ምን ገባሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሕተትም ካለ ያኔውኑ ይታረማል።

አክስቴ አሁንም «ምን ልስማ?» እያሉ ይደውሉልኛል። ስነግራቸው ግን አንድ ጥያቄ ጨምረዋል፦ «ልጄ፣ እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?»

ወላሁ አዕለም። እስከ ሚቀጥለው ወር፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።