መድኃኒት የሚያስጥል ምላስ ይታረም!



የእድሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ይህ ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በሚወስዱ ወገኖቻችን ላይ በሰፈራችን የሚነዛው አሉባልታ ከልክ ስላለፈ ነው። የማንንም ስም አንጠራም። ማን መድኃኒት ይወስዳል፣ ማን አይወስድም የሚለው የእድሩ ጉዳይ አይደለም፤ መዝገብም የለንም፣ እንዲኖረንም አንፈልግም። የምንናገረው ስለ ሥራው ነው። ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱን ያውቃል።

አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በእኛ ሰፈር ግን ነገሩ ብሷል። ሰዉ በሽታውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም እየሸሸገ ነው። ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ሽሮ ጣሳ ውስጥ የሚቀብር አለ። የብልቃጡን ወረቀት ልጦ የሚጥል አለ። ለቅሶ ቤት ሲያመሽ ወይም እንግዳ ሲመጣበት፣ ስውጥ እንዳልታይ ብሎ ሰዓቱን የሚያሳልፍ አለ። ለምን ቢባል ጎረቤት እንዳያይ ነው። ጎረቤት ማለት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ እኛው ነን።

ወረቀቱ የተላጠ ክኒን ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከደም ግፊት ክኒን ጋር ይደባለቃል። ሕፃን ከረሜላ መስሎት ይውጠዋል። በብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት እንድትመጥ የተቀመጠች ናት፤ ክኒኑ ከዚያ ወጥቶ እርጥበትና የምድጃ ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል። ይህን ሁሉ ያመጣው የማን ምላስ ነው?

አሁን ወደ ወሬዎቹ እንግባ። አንድ በአንድ እንመልሳለን።

1ኛ/ «ሰውን የሚጨርሰው መድኃኒቱ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ነጭ ውሸት ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የእድራችን ድንኳን አንድ ደጅ ላይ ሳይነቀል ሌላ ደጅ ላይ ይፈለግ ነበር። የቀብር ደብተራችን ምስክር ነው። የበሽታ ስም አይጻፍበትም፣ የሟች ዕድሜ ግን ይጻፍበታል። የዚያን ጊዜውን ገጽ ገልጦ 25፣ 30፣ 28 እያለ የሚያነብ ሰው፣ መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ማን ይሞት እንደነበር ይገባዋል።

በእርግጥ ማንኛውም መድኃኒት ጥቂት የሚያስቸግርበት ሰው አይጠፋም። አንዱን ራሱን ያመዋል፣ አንዱን እንቅልፍ ይነሳዋል፣ አንዱ ይወፍራል። እንቅልፍ የነሳው ሰው ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ያዛውራል። ትኩሳት ያለበት ሽፍታ የወጣበት ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ነገ ሳይል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። መፍትሔው ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ ክኒኑን ቆሻሻ ላይ መድፋት አይደለም።

2ኛ/ «ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት ይተው፣ አለዚያ እምነት የለውም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ቤተ ክህነት ልኳቸው አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ምእመናንም ሁለቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ አስታውቀዋል። ታዲያ ከፓትርያርክ በላይ ሃይማኖተኛ የሆኑት እነዚህ የሰፈር ሰባኪዎች ማን ሾማቸው? የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ክኒኑንም ይዋጥ። ጾምም ምክንያት አይሆንም፤ ብዙው ሰው ዛሬ የሚወስደው ክኒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። በቀን አንዴ የሚውጡ ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን ከአፍጥር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ሊወስዱት ይችላሉ። ሰዓት ሲያዛውሩ ግን ጤና ባለሙያውን ይጠይቁ።

3ኛ/ «ወፍረሃል፣ አምሮብሃል፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሃል?» የሚሉ ወዳጆች አሉ። ያማረበት እኮ በመድኃኒቱ ነው! መድኃኒቱ ቫይረሱን አንቆ ይይዘዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያወጣውም። የተደበቀ ቫይረስ አለ፤ ክኒኑ ሲቋረጥ ተነሥቶ ይራባል። አንድ ቀን እየዋጡ ሁለት ቀን መተው ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል። ከተላመደው ያ ክኒን አይሠራም፤ ሌላ፣ የበለጠ አስቸጋሪ መድኃኒት ይመጣል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ሲያቋርጥ ጉበቱም ሊቆጣ ይችላል። እንግዲህ «ይብቃህ» ያለው ወዳጅ ያን ጊዜ የት ይገኛል?

4ኛ/ «መድኃኒት ሊቆም ነው፣ ግማሽ ግማሽ እያላችሁ አቆዩት» የሚሉ አሉ። ይህ ወሬ የተነሣው የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀን አግዶ በነበረ ጊዜ ነው። እገዳው እውነት ነበረ፣ ድንጋጤውም አይፈረድበትም። ክኒን መግመስ ግን ለቫይረሱ ስንቅ ማቀበል ነው። መድኃኒት መኖር አለመኖሩን የሚነግረን የጤና ጣቢያው ፋርማሲ እንጂ የጠላ ቤት ወንበር አይደለም። ያልተመረመረች ሚስቱን ከራሱ ብልቃጥ የሚያካፍል ባልም አለ። በደግነት ቢያደርገውም ሁለቱንም ይጎዳል። የእሱ ክኒን ከቀጠሮው በፊት ያልቃል፤ እሷም ኩላሊቷና ጉበቷ ሳይታይ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት ሳይጠየቅ ትውጣለች። መፍትሔው አብሮ ሄዶ መመርመር ነው።

እንግዲህ ወሬው እንዲህ ከሆነ፣ ትክክለኛው አወሳሰድ የሚከተለው ነው። ዛሬ አብዛኛው ጎልማሳ የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የሚባሉ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ፍሬ የያዘ ክኒን ነው። ከታች የምንጽፈው ስለዚህኛው ነው፤ ሌላ ዓይነት የታዘዘለት ሰው የራሱን ትእዛዝ ይከተል።

ሀ/ በቀን አንድ ፍሬ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት። የቅዳሴ ደወል፣ አዛን፣ የራዲዮ ዜና፣ የሞባይል ጥሪ፣ የሚቀለው ነገር ያስታውሰው።

ለ/ የረሳ ሰው እንዳስታወሰ ይዋጥ። የሚቀጥለው መዋጫ ሊደርስ ከ4 ሰዓት በታች ከቀረው ግን ያለፈውን ትቶ በሰዓቱ አንዱን ብቻ ይዋጥ። ሁለት ደርቦ መዋጥ ክልክል ነው።

ሐ/ ለጨጓራ የሚሰጠው ፈሳሽ ወይም የሚታኘክ ማስታገሻ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት ከሆነ የዶሉቴግራቪርን ኃይል ያስራል። ስለዚህ ክኒኑ ከማስታገሻው 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ነፍሰ ጡር እናቶች የሚታዘዝላቸው የብረትና የካልሲየም ክኒንም እንደዚሁ ነው፤ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን አብሮ መዋጥ ይቻላል።

መ/ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ሪፋምፒሲን ያለበት የነቀርሳ መድኃኒት ሲጀመር ሐኪሙ ዶሉቴግራቪሩን በቀን ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። የስኳሩ ሜትፎርሚንም መጠኑ ይታያል። የአበሻ መድኃኒት የሚጠጣም ይናገር፤ ሐኪም ባልተነገረው ነገር አይጠየቅም።

ሠ/ ብልቃጡ ከነወረቀቱ፣ ክዳኑ ገጥሞ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፣ ሕፃን በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ረ/ ቀጠሮ ይከበር። ገጠር ለተዝካር ወይም ለሠርግ የሚሄድ ሰው ክኒኑን ቆጥሮ፣ የሚያንስ ከሆነ ከመሄዱ በፊት ጤና ጣቢያውን ያነጋግር። የቫይረስ መጠን ምርመራም አይዘለል።

ይህን ሁሉ ብለን ወደ ምላሱ እንመለስ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ በምርመራ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የማይታይ ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ይህ በሰፊው ተጠንቶ የተረጋገጠ ነገር ነው። በመሶብ፣ በስኒ፣ በመጨባበጥ፣ በመኝታ ልብስማ ድሮም አይተላለፍም። ስለዚህ ክኒኑን ሲውጥ ያያችሁት ጎረቤታችሁ የሚፈራ ሰው አይደለም። ራሱንም ትዳሩንም የሚጠብቅ ሰው ነው። ይልቅ የሚያስፈራው ሳይመረመር የሚያማው ነው።

ሰውን እያሙ መድኃኒቱን ማስጣል፣ ከዚያም ሲሞት ድንኳን ውስጥ ነጠላ ዘቅዝቆ ማልቀስ ምን የሚሉት ወዳጅነት ነው? እድር የቆመው ለመቅበር ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነበር። እኛ ግን ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍለው አባል በሕይወት ኖሮ ሲከፍል ማየት እንመርጣለን።

በመሆኑም የሚከተለውን በጥብቅ እናሳስባለን። በቡናም ሆነ በለቅሶ ቤት የሰው መድኃኒት ወሬ አይሁን። የሰው ቤት የገባ ሰው የሰው ሣጥንና መደርደሪያ አይፈትሽ። ሰው ክኒን ሲያወጣ ያየ፣ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅ፤ ውኃ ያቀብል። መድኃኒት ተው ብሎ የሚመክር አባል ካለ፣ ምክሩን በአጠቃላይ ስብሰባ ላይ ቆሞ በሁላችን ፊት ይናገርና እንመልስለት። በጓዳ የሚነገረውን ግን አንቀበልም።

አሉባልታ ይጥፋ! መድኃኒት በሰዓቱ ይዋጥ!

የእድሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው