የአኩፓንክቸር ሥልጠና በጅማ፡ ሙያው በአገር ባለሙያ እጅ እንዲቀር

ቻይና የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መላክ ከጀመረች እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተቆጥሯል። ጅማ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ስፍራ አላት። የመጀመሪያው ቡድን መሪ የነበሩት ሜይ ጌንግኒያን እ.ኤ.አ. በ1975 በመኪና አደጋ ሕይወታቸው ያለፈ ሲሆን፣ መቃብራቸውም በዚችው ከተማ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ እየተፈራረቁ የመጡት ቡድኖች ከሚሰጧቸው አገልግሎቶች መካከል በቀጫጭን መርፌዎች የሚከናወነው አኩፓንክቸር አንዱ ነው። በአዲስ አበባ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለዚህ ተጠቃሽ ነው። ይሁንና እንግዳው ሐኪም ጊዜውን ፈጽሞ ሲመለስ ሙያውም አብሮት ይሄዳል።

ጉዳዩ ለጅማና በዙሪያዋ ለሚገኙ የቡና ከተሞች እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ ቡና ለቃሚው ሲያጎነብስና ሲንጠራራ ይውላል። ጫኝና አውራጁ ደግሞ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆንያ በጀርባው ያመላልሳል። የወገብና የትከሻ ሕመም የዚህ ሥራ ተከታይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ሊሰጡ ከሚችሉ አማራጮች መካከል አኩፓንክቸርን በቅድመ ሁኔታ አካቷል። ምክሩ የተወሰነ በመሆኑ ሕክምናው መደበኛውን አገልግሎት የሚያግዝ እንጂ የሚተካ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ሥልጠናውን በሚመለከት ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው መመሪያ ደረጃዎቹን ለይቶ አስቀምጧል። ሐኪም ላልሆነ ሙሉ የአኩፓንክቸር ባለሙያ 2,500 ሰዓት፣ ሙሉ ሥልጠና ለሚሻ ሐኪም 1,500 ሰዓት፣ ሙያውን በተወሰነ ደረጃ ከመደበኛ ሥራው ጋር አጣምሮ ለሚጠቀም ሐኪም ደግሞ 200 ሰዓት ያህል ነው።

ለጅማ የሚበጀው ከ200 ሰዓቱ መጀመር ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሰውነትን አሠራርና የንጽሕና ጥንቃቄን አስቀድሞ ያውቃል፤ ሥልጠናውም ከሕሙማኑ ለረጅም ጊዜ አያርቀውም። ረጅሙ ሥልጠና ነገ አሠልጣኝ ለሚሆኑ ጥቂቶች ሊመደብ ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተውና ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሁ ያደረገው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ወረዳዎች የማሰማራት የዳበረ ልምድ ስላለው፣ የተግባር ልምምዱን እስከ ቡና ከተሞቹ ጤና ተቋማት ለማድረስ አይቸገርም።

ዋናው ፈተና ግን ከቁጥጥሩ ላይ ነው። በተሳሳተ ስፍራ የገባ መርፌ ሳንባን ሊበሳ፣ በድጋሚ ጥቅም ላይ የዋለም የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ማን፣ በስንት ሰዓት ሥልጠና፣ የትኛውን ሕመም ሊያክም እንደሚችል በግልጽ ካልተደነገገ በሁለት ቀን አውደ ጥናት የተገኘ የምስክር ወረቀት ከ200 ሰዓቱ ጋር እኩል ይቆጠራል። ስለሆነም ሥልጠናው በተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥርዓት ውስጥ እንዲታወቅና የሙያው ወሰን በፈቃድ ሰጪው አካል እንዲወሰን ማድረግ፣ መርፌው ከመገዛቱ በፊት መቅደም ያለበት ተግባር ነው።