ገመድ መቍጠርና ገመድ መዘርጋት

የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮችን ማወዳደር ዛሬ የሸቀጥ ቈጠራ ሆኗል። «ይኸኛው ይህን ያህል ሞጁል አለው፤ ያኛው ይህን ያህል ይበልጠዋል» ይባላል። አቀናባሪውም፣ የሙዚቃ መምህሩም በዚሁ ሚዛን መሣሪያውን ይመርጣል። ይህ ሚዛን ሐሰተኛ ነው። መቅደም የሚገባው ጥያቄ፦ ድምፅ የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው ማን ነው? የሚለው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ ሮበርት ሙግ በኒው ዮርክ፣ ዶን ቡክላ በካሊፎርኒያ፣ በየፊናቸው ሞጁላር ሲንተሳይዘር ሠሩ። በዚህ መሣሪያ ድምፅ አመንጪው፣ ማጣሪያውና ማጉያው ለየብቻ ተሠርተው በገመድ ይገናኛሉ፤ ገመዱንም የሚዘረጋው ተጫዋቹ ራሱ ነው። የአንዱ ሞጁል ምልክት የሌላውን ጠባይ እየለዋወጠ ሲመራው ሞዱሌሽን ይባላል። ሙግ ድምፁንም ትእዛዙንም በአንድ ዓይነት ገመድ አስኬደ፤ ቡክላ ግን ለድምፁ አንድ፣ ለትእዛዙ ሌላ ዓይነት ገመድ መደበ። በቡክላ ዘንድ አዛዥና ታዛዥ በየመስመራቸው ተለይተው ይታወቃሉ፤ ለዓይን ግልጽ ነው። በሙግ ዘንድ ግን ዛሬ ታዛዥ የሆነው ድምፅ ነገ ሌላውን ሊያዝ ይችላል።

የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች የዚህ ልዩነት ወራሾች ናቸው። በ2000 የወጣው የስዊድኑ ሪዝን የመሣሪያዎቹን ጀርባ ገልብጦ ገመዶቹን በስክሪን ላይ አሳየ፤ ይሁንና የድምፁንና የትእዛዙን መስመር እንደ ቡክላ ለያይቶ ነው። በ2001 ከበርሊን የወጣው ኤብልተን ላይቭ ለፈጣን ሥራ የተመቸ ነው፤ ግን አደራደሩ በመቅረጫ ስቱዲዮ ልማድ አስቀድሞ የተቀየሰ ነው። ተጠቃሚው የራሱን መሣሪያ ከውስጡ መገንባት የቻለው በ2009 ማክስ የተባለው ፕሮግራም ሲታከልበት ነው። ከዚያም ወዲያ ቢሆን አንድን መቈጣጠሪያ ለአወዛዋዥ ሞገድ ያስረከበ ሰው መቈጣጠሪያው ከእጁ ይወጣበት ነበር፤ ሰውና ሞገድ አንዱን ቍልፍ በአንድነት እንዲይዙ ያስቻለው በ2024 የወጣው 12ኛው ዕትም ነው። ከኤብልተን በወጡ ባለሙያዎች ተመሥርቶ በ2014 ለገበያ የቀረበው ቢትዊግ ስቱዲዮ ግን፣ በ2019 ግሪድ የተባለውን ክፍል ሲጨምር፣ ማንኛውም መውጫ ከማንኛውም መግቢያ ጋር እንዲገናኝ ፈቀደ።

እንግዲህ አሸናፊው ቢትዊግ ነው እንበልን? በመስመር ነጻነት ከተመዘነ ከነዚህ ሦስቱ ይልቃል። ግን የሚሸጥና ውስጡ የተዘጋ ነው። ሚለር ፓኬት በ1996 የሠራው ፒዩር ዴታ፣ በ2017 የወጣውም ቪሲቪ ራክ ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ የተጻፉበትም ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። ፒዩር ዴታ እንከን የለሽ አይደለም፤ ትእዛዝን ከድምፅ ይለያል፤ ትእዛዙን የሚያሰላውም እንደ ተለመደው አሠራሩ በየ64 የድምፅ ናሙናው አንድ ጊዜ ነው። ሆኖም ተማሪው ይህን ጕድለት ራሱ ሊመረምረውና ሊያርመው ይችላል። በተዘጋው ሶፍትዌር ግን ጕድለቱን እስከሚያርምለት ሠሪውን መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

«የሙዚቀኛ ሥራ ጆሮ እንጂ ገመድ አይደለም» የሚሉ አሉ። ገመድ ሲሰካና ሲነቅል ውሎ አንድ ዜማ ሳይወልድ የሚያመሽ ሰው እንዳለ አይካድም። ነገር ግን ስንፍናው የሰውየው ነው፤ ለዚያ ሲባል ሌላው መንገዱ ሊዘጋበት አይገባም። ጆሮስ ቢሆን የሚሰለጥነው ድምፁ ከየት ተነሥቶ በምን በኩል እንደ ወጣ ሲያውቅ አይደለምን?

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ ያቀረበው ሥራ፣ በባዕድ አገር የተፈለሰፈ መሣሪያ ለአገር ዜማ ሊገዛ እንደሚችል አስመስክሯል። ይሁንና አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ሲከፈቱ የሚያቀርቡት ስምንተኛውን ድምፅ በ12 እኩል እርከን የከፈለ መቃኛ ነው። የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ ቅኝቶች በዚህ ልክ ብቻ ሲታረሙ ጣዕማቸው ይጐድላል። በሞጁላር አሠራር ግን የድምፅ ቁመት እንደማንኛውም ምልክት የሚመራ መጠን ስለሆነ፣ ማሲንቆ የሚያውቅ ተማሪ እርከኑን በጆሮው ማኖር፣ የጣቱንም መንሸራተት በዝግተኛ ሞገድ ማስከተል ይችላል። የአገሩን ቅኝት ከፋብሪካ ምርጫ ዝርዝር ውስጥ እስኪያገኘው አይጠብቅም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ለሙዚቃው ድሩን የሚያዳውረው ግን ሙዚቀኛው ራሱ መሆን አለበት። በመሆኑም የሙዚቃ መምህራን ለተማሪው ትልቁን ሶፍትዌር ከማስያዛቸው በፊት ድምፅ አመንጪ፣ ማጣሪያና ዝግተኛ ሞገድ፣ እነዚህን ሦስቱን ብቻ ሰጥተው በገዛ እጁ እንዲያገናኛቸው፣ የመረጠውንም መንገድ በቃሉ እንዲያስረዳ ያድርጉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ ወዲያ ሪዝንንም ይሁን ላይቭን ወይም ቢትዊግን ቢመርጥ፣ የሚመርጠው የጐደለውንና የተሟላውን ለይቶ ይሆናል።