ከከተማ መውጣት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው



ዒድ በቀረበ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደየትውልድ ቀያችን የምንጓዝ ብዙዎች ነን። ስንቁ ይሰነቃል፤ ለእናት ሻሽ፣ ለአባት ሽርጥ፣ ለትንንሾቹ ከረሜላ ይገዛል፤ መኪና ያለው የመኪናውን ዘይትና ጎማ ያሳያል። «በየት በኩል ነው ከከተማው የምንወጣው?» የሚለውን ጥያቄ ግን የመጨረሻው ሻንጣ እስኪጫን ድረስ የሚያነሳው የለም። እኔም ከማያነሱት አንዱ ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ለዐረፋ እናቴ ወደምትኖርበት ወደ ሂርና ተነሣን። ሂርና ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ከጭሮ፣ ማለትም ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሚኒባሱ የባለቤቴ ወንድም ነው፣ የሚነዳውም እሱ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና አንዲት አክስታችን ነበርን። አክስታችን ቤታቸው ጎሮ ነው። «አብረን እንነሣ» ብለን በዋዜማው ከተማውን አቋርጠው ኮልፌ እኛ ቤት እንዲያድሩ አደረግን። የካርታ ትምህርት የማስተምር ባልሆንም ጎሮ በመውጫችን በኩል፣ ኮልፌ ደግሞ በተቃራኒው እንደሆነ ማወቅ አያቅተኝም ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን በማግስቱ መኪና ውስጥ ቆመን ሳለን ነው።

ሱብሒን ሰግደን ተኛን። ቁርስ ተበላ፤ ዕቃ ተጫነ፣ ወረደ፣ እንደገና ተጫነ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። የባለቤቴ ወንድም እንደ ልማዱ በሜክሲኮ፣ በጎተራ፣ በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ አመራ። ሳሪስ ላይ ቆምን። አክስታችን ተስቢሓቸውን ጨረሱ፣ ደገሙት፣ ሠለሱት። ትንሹ ልጄ «ሂርና ደረስን?» ብሎ ሲጠይቅ የሳቀ አልነበረም።

ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ከቆየን በኋላ የባለቤቴ ወንድም ትዕግሥቱ አለቀና «እኔ አንድ ማቋረጫ አውቃለሁ» ብሎ ወደ ግራ ታጠፈ። ማቋረጫው ኮብልስቶን ሆነ፤ ኮብልስቶኑ አለቀና ኮረኮንች ሆነ፤ ኮረኮንቹ ጭቃ ሆነ። በአንዱ መታጠፊያ ላይ ኳስ ተከትሎ የወጣ ልጅ ፊት ለፊታችን ቆመ። ፍሬኑ ያዘ፣ አልሐምዱ ሊላህ። ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ብድግ ብለው ወደ መስኮቱ መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይሄ እኮ መንገድ አይደለም፤ ደጃችን ነው» አሉት። የባለቤቴ ወንድም «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለና መኪናውን አዞረ። ወደ ዋናው መንገድ ስንመለስ ከቀድሞው ወደ ኋላ ቀርተን ሰልፉን ያዝን። የፈጣን መንገዱን አፍ ያገኘነው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው።

ክፉው ነገር የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነበር። ሾፌራችን የጠፋበትን ሰዓት ለማስመለስ ቆረጠ። አዳማ ላይ ለሶላትና ለምሳ ብቻ ቆምን፤ ከዚያ ወዲያ እግሩን ከቤንዚን መስጫው አላነሣም። ጭሮ ስንደርስ ሊመሽ ነው። ወደ አርበረከቴ ዳገት ስንያያዝ ጨለማው ወረደ፤ ከጨለማውም ጋር ጉም ወረደ። በአንድ ኩርባ ላይ የተበላሸ የጭነት መኪና መብራት ሳይኖረው ቆሟል። ከኋላው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ድንጋይ ተደርድሯል፣ ቅጠልም ተጥሏል። ቅጠሉን ያየነው ጎማችን ሥር ሲገባ ነው። በስንት ስንዝር እንደዳንን አላህ ያውቃል። የባለቤቴ ወንድም መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደና ብዙ ደቂቃ ቆመ። እናቴ ከማግሪብ ጀምራ ደጅ ላይ ነበረች፤ ስንደርስ ያገኘናትም እዚያው ነው።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ላምጣ፤ ሒሳብ ነው የማስተምረው። ከአዳማ እስከ አዋሽ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ107 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። 90 የሚሄደው በ83 ደቂቃ። ልዩነቱ 24 ደቂቃ ነው። በዚህች 24 ደቂቃ ምክንያት ግን መኪናው የሚይዘው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር፣ ግጭት ቢመጣ ምቱ አንድ ተኩል እጥፍ ከመሆንም ያልፋል። እኛ ሳሪስና ቃሊቲ ላይ ያጠፋነው ደግሞ 24 ደቂቃ አልነበረም፤ ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ ነው። እንግዲህ አንባቢ ራሱ ያስላው። ከተማ ውስጥ የጠፋን ሁለት ሰዓት በገጠር አስፋልት ላይ ማስመለስ አይቻልም። ለማስመለስ የሚሞክር ሰው የሚከፍለው በልጆቹ ነው። ሰዓቱ የሚተርፈው ከመነሣት በፊት በሚደረግ ዝግጅት ብቻ ነው።

ታዲያ ዝግጅቱ ምንድን ነው? ስለማውቀው ስለ ምሥራቁ መውጫ ልናገር።

የሳሪስ፣ የቃሊቲና የአቃቂ መስመር የሚጨናነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው እዚያው ነው። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ሞጆም ላይ ትልቁ ደረቅ ወደብ ስላለ፣ ከባድ መኪናው ሁሉ በዚህ አቅጣጫ ይገባል፣ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፈጣን መንገድ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በመሐላቸው ሳያልፉ አዳማ ለመድረስ አስችሏል። 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር አለው፤ ዳርና ዳሩ የታጠረ ስለሆነ ከብትም ባጃጅም እግረኛም አይገባበትም። ይህ ሁሉ ጸጋ ግን የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ድረስ ያለው ጣጣ የራሳችን ነው።

ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ በልማድ ሳይሆን በቤታችን አቀማመጥ መምረጥ አለብን። ከኮልፌ ወይም ከአየር ጤና የሚነሣ ሰው መሐል ከተማ ገብቶ ሳሪስ ላይ ከሚቆም ይልቅ የቀለበት መንገዱን ይዞ በለቡ ዞሮ ቃሊቲ ቢወጣ ይሻለዋል፤ በኪሎ ሜትር ቢረዝምም። ከመገናኛ፣ ከሲኤምሲ፣ ከአያት የሚነሣ ደግሞ ቃሊቲ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? በጎሮ አድርጎ በኮዬ ፈጬ በኩል ቱሉ ዲምቱ ይወርዳል። አንዱ ቢዘጋ ሌላው የቱ እንደሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩትስ የት ላይ እንደሆነ በዋዜማው ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ሰልፍ ውስጥ ከተገባ በኋላ የሚታሰብ ማቋረጫ ብዙውን ጊዜ የሰው ደጅ ነው።

የስልክ ካርታስ? ጥሩ ረዳት ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ቀይ መስመር ካሳየ መንገዱ ቆሟል ማለት ነው። ነገር ግን ኮረኮንቹን ከአስፋልቱ፣ ጭቃውን ከደረቁ ሁልጊዜ አይለይም። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መሆኑንም አይነግርም። በተለይም ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ ያልተቆፈረ፣ ያልተዘጋ ወይም አቅጣጫው ያልተቀየረ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። አምና ያወቅኸው መውጫ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው ይጠየቅ። በዚያ መስመር ጧት ማታ የሚመላለስ የታክሲ ሾፌር ከካርታ የበለጠ ያውቃል፤ ከከተማ ውጭ ስላለው መንገድ፣ ስለ ሰላሙም ጭምር፣ የጭነት መኪና ሾፌሮችን የሚያህል ነጋሪ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገምና ብዙ ሕዝብ ከቀየው ሲነሣ፣ በመተሐራና በአዋሽ ማለፍ የነበረበት ሰው ሳይጠይቅ አይነሣም ነበር። ይህን ልማድ በደህናውም ቀን ብንይዘው ምን ይጎዳናል?

የቀን ነገርም አለ። በዒድ ጧት የአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ለሶላቱ ሲባል እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። የመስቀልን ደመራና የጥምቀትን ዋዜማ ግን የእኛ በዓል ስላልሆነ እንረሳለን፤ መንገዱ ግን ሲዘጋ ለሁሉም ነው የሚዘጋው። በምሥራቁ መስመር ደግሞ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ንግሥ ነው። በእነዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ እስከ ቁልቢ ያለው መንገድ በክርስቲያን ወገኖቻችን መኪና ይሞላል፤ የሚቻለው ሰው ቀኑን ያሸጋሽግ። ከሂርና አልፎ ወደ ሐረር የሚዘልቅ ደግሞ በምሽት አወዳይ ላይ የጫት ገበያ እንደሚጠብቀው ይወቅ። የጫት መኪኖችን አነዳድ ለሐረርጌ ሰው አልነግርም።

በፈጣን መንገዱ ላይ እንዳሻ መቆም ስለማይቻል የልጆች ሽንትም ሆነ ሶላት ከመግባት በፊት ይታሰብ። ክፍያውን በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ተከራክረናል። እሷ «ገንዘቡ ለዒድ ሥጋ ይሁን» ባይ ነበረች፤ እኔ ደግሞ በአሮጌው መንገድ የሚቃጠለውን ነዳጅ አሰላሁላት። ያሸነፈችኝ ግን እሷ ናት፤ «እሺ፣ በፈጣኑ እንሂድ፤ ግን በጊዜ ካልተነሣን የከፈልነው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ዐረፋ እሑድ ዋለ። ዓርብን ለመንገድ አልመረጥንም፤ ጁሙዓ አለ፣ የከተማውም ግርግር በዓርብ ይብሳል። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሐሙስን ያዝን። በዚህኛው ጊዜ እሳቸውን ወደ እኛ አላመጣንም፤ እኛው ረቡዕ ማታ ዕቃችንን ጭነን ጎሮ አክስታችን ቤት አደርን። መቼም በአንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው መተኛት ቀላል አይደለም፤ ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለዚያች ሌሊት ነው። ሱብሒን በሰፈሩ መስጊድ ሰገድንና ከሶላት በቀጥታ መኪና ውስጥ ገባን። ቁርሱ በሳህን ሳይሆን በፌስታል ሆነ። ሳይነጋጋ ቱሉ ዲምቱ ነበርን። አዳማን ሱቆቿ ሳይከፈቱ አለፍናት። አዋሽ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ልጆቹ እግራቸውን አፍታቱ። ሾፌራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይለምነው ለከብት መንጋ ቆሞ አሳለፈ፤ እንዲያውም እረኛውን ሰላም አለው።

አርበረከቴ ላይ ፀሐይ ነበረች። ባለፈው ዓመት ያመለጥንበትን ኩርባ ስናልፍ ማናችንም አልተናገርንም። ትንሽ ወረድ እንዳልን መሐል አስፋልቱ ላይ የተደረደረ ድንጋይ አየን። የተበላሸው መኪና ተጠግኖ ሄዷል፤ ድንጋዩን ያነሣው የለም። የባለቤቴ ወንድም ዳር ያዘ። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ቁርኣን ቤት ሳለን ሁላችንም ተምረናል፤ በችኮላ የሚጓዝ ሰው ግን ለዚህ ጊዜ የለውም። ትልቁ ልጄና እሱ ድንጋዩን አንድ በአንድ ወደ ቦዩ ሲወረውሩ አክስታችን በመስኮት ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር።

ሂርና ስንገባ የዙህር አዛን ይሰማል። እናቴ እጇ በሊጥ እንደተነከረ ወደ ደጅ ወጣች። ሁላችንንም አንድ በአንድ ቆጠረችና «በዚህ ሰዓት? ምን ሆናችሁ ነው? ገና ድስቱን እንኳ አልጣድኩም!» አለች።