በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ወረቀት

ባለፈው እሑድ የእድራችን ስብሰባ ሲበተን አንዲት የዕድሜ እኩያዬ ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝና የነጠላዋን ጫፍ ለመፍታት ትታገል ጀመር። ጣቶቿ እምቢ አሏት። እኔም ልርዳት ብዬ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ የኔዎቹ ከእርሷ የባሱ መሆናቸው ትዝ ሲለኝ መልሼ ሰበሰብኩት፤ ሁለት አሮጊቶች በአንዲት ቋጠሮ ተሸንፈን ቆምን። ኋላ በጥርሷ ፈታችው። ከውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ የሐኪም ማዘዣ ወጣ፤ ቀኑን ሳየው ሦስት ሳምንት አልፎታል። «የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም የዓመታት ነው አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ የካንሰር መድኃኒት ነውና እንዳትነኪው አለችኝ። እስቲ ትንሽ ልየው ብዬ ነው» አለች።

ይህን «ትንሽ ልየው» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። 34 ዓመት በነርስነት ሳገለግል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከታላቅ እህቴም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ከራሴ አፍ የወጣው ነው፤ ዛሬ የቡና ስኒዬን እንደ ሕፃን በሁለት መዳፌ አቅፌ የምጠጣው በእርሱ ምክንያት ነውና። ለስላሳ ቃል ነው፤ ሲመጣ አስተዋይ መስሎ ይመጣል፤ ማንም አይቆጣውም፣ ማንም ደጅ አይዘጋበትም፤ ቤት ከገባ በኋላ ግን ዓመታትን በልቶ ይወጣል። ያን ቀን በአጥሩ ጥግ ለእርሷ የነገርኳትን፣ እንደ እርሷ ወረቀት ቋጥራችሁ ለተቀመጣችሁ እኩዮቼ ሁሉ ረጋ ብዬ ልድገመው ብዬ ብዕር አነሳሁ፤ ብዕሩም ከጣቴ እንዳያመልጥ በጨርቅ ጠቅልዬ አወፍሬዋለሁ።

ቁርጥማት አንድ ስም ነው እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። ጉልበትና ዳሌ በዕድሜና በድካም ብዛት ሲያልቁ ቁርጥማት እንላለን፤ ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ የእግር አውራ ጣትን በአንድ ሌሊት እሳት ሲያደርገው፣ ሪህ ከማለታችን በቀር እርሱንም ከዚሁ እንደምረዋለን፤ የሰውነታችን መከላከያ ጠላት የመጣ መስሎት የገዛ ራሱን አንጓ ሲወጋም ያው ቁርጥማት ነው። የእኩያዬ በሽታ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። ግራና ቀኙን እጅ ባንድነት ይይዛል፤ ከትንንሾቹ የጣት አንጓዎች ይጀምራል፤ ጠዋት ከእንቅልፍ የተነሣን ሰው ሰዓት ሙሉ ገትሮ ያስቀምጠዋል፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበረታል። ላረጀ ጉልበት የእግርን ጡንቻ የሚያበረታ እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስና የሚቀባ ማስታገሻ ብዙውን ጊዜ ይበጃል፤ ሪህም የራሱ መድኃኒት አለው። ስለዚህ የእገሊት ጉልበት የቀለለበት ክኒን ለእናንተ ጣት ምንም ላይሆን ይችላልና፣ ምክር ከመቀበላችሁ በፊት መካሪያችሁን የታመመው የትኛው ቁርጥማት እንደ ሆነ ጠይቁት።

ይህ የራሱን ቤት የሚያፈርስ በሽታ ጊዜን እንደ መሣሪያ ይዞ ይዋጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ይመጣል ይሄዳል፤ ሲሄድ ተወኝ እንላለን፤ እርሱ ግን ሳያመንም በውስጥ የአጥንቱን ጫፍ እየቆረጠመ፣ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚለየውን ልስላሴ እየላጠ ይቆያል። መድኃኒት ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው በእነዚያው ወራት ነው፤ እኛ ደግሞ ከሁሉ አብልጠን የምንዘናጋው በእነዚያው ወራት ነው።

ታላቅ እህቴ ፈታይ ነበረች። ባዘቶውን ይዛ እንዝርቷን ስታሾረው ክሩ ከጣቷ ሳይሆን ከአየሩ የሚመዘዝ ይመስል ነበር፤ በእርሷ ፈትል የተሠራ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ከሌሎቹ ትለይ ነበር። ጣቶቿ ማበጥ ሲጀምሩ ተመረመረች፣ መድኃኒት ታዘዘላት፣ ትንሽ ልየው አለች። የልጇ ሠርግ ደረሰና ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒን ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ገዝቼ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ነርስ ነበርኩ፤ ስሙንም መዘዙንም አውቅ ነበር፤ ለሠርጉ ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ኅሊናዬን አባበልኩት። በአራተኛው ቀን ተነሣች። በሠርጉ ዕለት እስክስታ ስትመታ ሰው ሁሉ እልል አለ፤ እኔም እልል አልኩ። ሠርጉ ሲያልፍ ግን ክኒኑ አላለፈም። መድኃኒት ቤቱን ካሳየኋት በኋላ የኔን እጅ መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ ዓመታት ራሷ እየገዛች ዋጠችው። ፊቷ እንደ ጨረቃ ተሞላ፣ ወፈረች ተብላ ተመሰገነች፤ ስኳር ያዛት፤ ቆዳዋ ሳስቶ በትንሽ ግጭት ይደማ ጀመር፤ አንድ ቀን የውሃ ጀሪካን ስታነሣ የጀርባ አጥንቷ ተሰነጠቀ። ደንግጣ ባንድ ጊዜ ስታቋርጠው ደግሞ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ሰውነት ለረጅም ጊዜ ከውጭ ከተሰጠው የራሱን ማመንጨት ይተዋልና፣ ይህ መድኃኒት በሐኪም ልክ ቀስ እየተባለ ነው የሚወረድበት። ይህ ሁሉ ሆኖ ጣቶቿ ከመጣመም አልዳኑም። እንዝርቷ ዛሬ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰክቷል።

ዓለምም በዚሁ ክኒን ዘመዶች እንዲሁ ተደንቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በዚህ በሽታ አልጋ ለያዘች አንዲት ወጣት ሴት ኮርቲሶን ሰጣት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ተአምር ተባለ፤ በ1950 ሄንች ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ግን መጠኑ ሲበዛና ዘመኑ ሲረዝም በእህቴ ላይ ያየሁት ሁሉ በብዙዎች ላይ ታየ። መድኃኒቱን አልረግመውም። ዘገምተኛው ዋና መድኃኒት ሥራ እስኪጀምር ድረስ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ዐይን ሥር ሲሰጥ እንደ ምርኩዝ ያገለግላል። ያለቀስኩት ምርኩዙን እግር አድርገው ለኖሩት ነው።

ስለ ማስታገሻውም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ዲክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ዛሬ ከሱቅ ከረሜላ ያልተናነሰ በየቦርሳው አሉና። ሕመሙን ያደነዝዛሉ፣ እብጠቱንም ይቀንሱ ይሆናል፤ የአንጓውን መፍረስ ግን አያቆሙም፤ እንቅልፍ የያዘው ዘበኛ ቤቱን እንደማይጠብቅ ሁሉ ያልታመመ ጣትም የዳነ ጣት አይደለም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አረጋውያን በባዶ ሆዳቸው ውጠውት ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ደማቸው በጨጓራቸው ፈስሶ ወደ ክፍሌ ሲገቡ ስንቱን ተቀበልኩ! ኩላሊትንም ያደክማል፣ የደም ግፊትንም ያንራል፤ የግፊት ክኒን የምትውጡ በተለይ አስቡበት። ለታመመ ሰው ጾምን የሚያላላ የንስሐ አባት ሞልቶ ሳለ፣ ሳንጠይቅ ራሳችንን መቅጣታችን ምን ይባላል?

ተራው የኔ ሲሆን 58 ዓመቴ ነበር። ከእህቴ መቃብር የተማርኩ ይመስላችኋል? ኩራት ያዘኝ። ሌላውን ሳስታምም የኖርኩ ሰው ነኝና የራሴን አውቃለሁ ብዬ፣ የታዘዘልኝን ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስገብቼ፣ በማስታገሻ ብቻ ሁለት ዓመት ቆየሁ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሐኪሙ የእጄን ራጅ ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሲያሳየኝ የአጥንቶቹ ጫፍ ነቀዝ የገባው በቆሎ መስሎ ታየኝ። መድኃኒቱን ያኔ ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር እብጠቱ ጎደለ፣ የጠዋቱ መገተር ለቀቀኝ፤ መድኃኒቱ እሳቱን አጠፋው፣ የተቃጠለውን ግን አልመለሰልኝም። ጣቶቼ እንደ ተጣመሙ አሉ።

አሁን ጎረቤቲቱ ወዳስፈራራችበት ልመለስ። በወረቀቱ ላይ የታዘዘው ሜቶትሬክሴት የካንሰር መድኃኒት ነው ማለቷ ሐሰት አይደለም፤ ካንሰር ላይ በከፍተኛ መጠን ይሰጣል። ለአንጓ በሽታ ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጡ ጥቂት ባለ 2.5 ሚሊግራም ክኒኖች ናቸው፤ በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ፍርሃታችሁን አልንቀውም፣ መድኃኒቱ ሊከበር ይገባዋልና። ሳይጀመር በፊት የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የጉበት ቫይረስም ምርመራ ይደረጋል፤ ከተጀመረ በኋላም ደሙ በየጊዜው ይታያል፤ ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል። ጠላውና አረቄው ጉበትን ከመድኃኒቱ ጋር ሆነው ይጎዱታልና፣ ማኅበር ላይ ዋንጫ ሲዞር እጅን አፍ ላይ ማድረግ ነው። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ለተቅማጥና ለሽንት ቧንቧ በቀላሉ የሚሰጥ ክኒን ከእርሱ ጋር ሲገናኝ የደም መመረቻውን መቅኔ ክፉኛ ሊያዳክም ስለሚችል፣ ለሌላ ሕመም የትም ስትሄዱ ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ ማለትን አትርሱ። አፍ ቢቆስል፣ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ቢመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በሽታው ሴት ልጆቻችሁን ከያዘ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ የማይወሰድ መሆኑን ንገሯቸው፤ እኛስ ከዚያ አልፈናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ቀኑ ነው። በሳምንት አንድ ቀን። አንድ አዛውንት ክኒን ማለት በየቀኑ የሚዋጥ ነው ብለው፣ የትንሿን ፖስታ ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሰው ሳይኖር፣ በየቀኑ ውጠውት አፋቸው ሁሉ ቆስሎ፣ ደማቸው ተመናምኖ መጡብን፤ ጥቂት ቀን ታገልንላቸው፣ አልተረፉም። የልጅ ልጃችሁን ጠርታችሁ ቀኑን በትልቁ አስጽፉት።

ሜቶትሬክሴት የማይስማማው ሰው ቢኖር መንገዱ አልተዘጋም። የወባ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ቀለል ላለው በሽታ ይሰጣል፣ በተለይ የዓይን ምርመራ ይፈልጋል፤ ሰልፋሳላዚንም አለ። ልጆቻችን ከውጭ አገር የሚያወሩልን አዳዲሶቹ መርፌዎችም ኃይለኞች ናቸው፤ ዋጋቸው ከአቅማችን በላይ ከመሆኑም ሌላ ከመካከላቸው ተኝቶ የቆየን የሳንባ ነቀርሳ የሚቀሰቅሱ ስላሉ፣ በእኛ አገር ያለ ምርመራ የሚሞከሩ አይደሉም። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ክኒን ሁሉ በፍቅር የመጣ ነው፤ ቢሆንም ሐኪማችሁ ሳያየው አትዋጡት።

ጠበሉን ተዉ የሚል ቃል ከኔ አፍ አይወጣም፤ እኔም እጠመቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ የተናገሩት ለዚህም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። እቴጌ ጣይቱ ዳር ቤት ያሠሩበት ፍል ውሃም የተገተረ አንጓን ያፍታታል፣ ደስም ያሰኛል። ያበጠና የጋለ አንጓን ለወጌሻ ሰጥቶ ማሳሸት ግን ተዉ። ዳማከሴውንና ሥራሥሩንም ቢሆን ጉበት ሁሉንም በአንድ ደጅ እንደሚቀበል እያወቃችሁ፣ የምትጠጡትን ከሐኪም አትደብቁ። የአንጓ ሐኪም በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፤ ማዘዣው እጁ የገባ ሰው ግን ከመንገዱ የሚበልጠውን ተጉዟል፤ መጠራጠሩም ካልለቀቀው ጥርጣሬውን ይዞ ወደዚያው ሐኪም ይመለስ እንጂ ቤቱ ይዞት አይቀመጥ።

ለእኩያዬ ይህን ሁሉ ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጄን አንሥታ፣ የተጣመሙትን ጣቶች አንድ በአንድ እንደ መቁጠሪያ ነካቻቸውና፣ «መቼ ነበር የጀመርሽ?» አለች። ነገርኳት። ወረቀቱን አጥፋ፣ ነገ ደሟን ለማስመርመር አብሬያት እሄድ እንደሆነ፣ መድኃኒቱንም ስትጀምር ከሳምንቱ የትኛው ቀን እንደሚሻላት ጠየቀችኝ። ሰኞ ገበያ አለባት፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ እሑድ እድር አለ፤ ስትቆጥር ቆይታ ሐሙስ አለች። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ መልሳ ቋጠረችው፤ ጠዋት ጣቶቿ እንዲፈቱት ግን በጣም አላላችው።